የፋይና መሪ

ኤርሜስ ባልዳዚን ሞቶ ያገኘው እንጉዳይ ሊለቅም የወጣ ጡረተኛ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ በኖቬምበር ጉም፣ ከሰርናያ ዳገት መንገድ በታች በካስታኛ ዛፎች መሃል። ሬሳው የቆዳ ልብሱን እንደለበሰ፣ የራስ ቁሩ ሳይወልቅ፣ በጀርባው ተንጋሏል። ከሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ገበያ ላይ ገና ያልዋለች ሞተር ሳይክል በጎኗ ወድቃለች።

እኔና አለቃዬ ኢንስፔክተር ኦርኔላ ታሲናሪ ስንደርስ የትራፊክ ፖሊሶቹ በሐሳባቸው ጉዳዩን ዘግተውታል።

“እርጥብ ቅጠል፣ ጠባብ መታጠፊያ፣ ከልክ ያለፈ ፍጥነት” አለኝ አንዱ እጁን እያፋተገ። “ከዚህ ዳገት ስር ስንቱን አነሳን መሰለህ።”

ኢንስፔክተሯ ቁልቁለቱን በቂጧ እየተንሸራተተች ወረደች። ሬሳውን አልፋ ሞተር ሳይክሏ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

“ኢንስፔክተር፣ ሰውየው ወዲህ ነው” አልኳት።

“ሰውየው አይሸሽም። ና እስቲ፣ ይቺን ጎማ እያት።”

አየኋት። “ጎማ ናት።”

“አንተ ጎማ የምታውቀው ሲፈነዳ ነው።”

ኦርኔላ የጎሚስታ ልጅ ናት። አባቷ ኢሞላ ውስጥ፣ ከእሽቅድምድም ሜዳው ጥግ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍና ሲቀይር ኖሯል። እሷም ያደገችው እዚያ ጥቁር ክምር ላይ እየዘለለች ነው። ጣቷን በኋላ ጎማው መሃል ላይ አሳረፈችው። መሃሉ በሙቀት ሰማያዊ መስሎ፣ ተልጦ ተጠፍጥፏል። ከዚያ ጣቷን ወደ ዳር ወሰደችው። ዳርና ዳሩ ያብረቀርቃል። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች እንኳ ሳይነኩ ቆመዋል።

“በዚህ መንገድ ስንመጣ መሪ ስታዞር እጅህ ደከመ አይደል?” አለችኝ።

“ማስመለስ ነው የቀረኝ።”

“ሞተር ሳይክል ደግሞ የሚታጠፈው ተጋድሞ ነው። ባልዳዚን የሚያክል ሰው እዚህ ድረስ ጋልቦ ቢመጣ የጎማው ዳር ተፍቆ ያልቅ ነበር። ይቺ የሄደችው ቀጥ ባለ መንገድ ብቻ ነው። በኃይል፣ ግን ቀጥ ብላ።”

“ታዲያ እዚህ ማን አመጣት?”

በባትሪ መብራቷ የሞተሩን ውስጥ ውስጡን ስታይ ቆየች። ይቺ ዓይነት ሞተር ሳይክል በሙያው ሰዎች አነጋገር “እርቃን” ናት፤ ንፋስ የሚከልል ልብስ የላትም፤ ሞተሯ፣ ሻንሲዋ፣ ቱቦዎቿ ሁሉ ለዓይን ክፍት ናቸው። አንድ ሰው በጥንቃቄ አጥቧታል። ሆኖም በሁለቱ ሲሊንደሮች መሃል እጅ የማይገባበት ቦታ ላይ ግራጫ ጭቃ ደርቋል፤ ጭቃው ላይ ደግሞ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተጣብቋል። በመቆንጠጫ አወጣችው።

“ሸምበቆ” አለች። “ሰርናያ ላይ ሸምበቆ አይተህ ታውቃለህ?”

ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ካስታኛ፣ ቡናማ አፈር፣ ጉም።

*

ባልዳዚ የራቫልዲ ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ዋና ሞካሪ ነበር። በወጣትነቱ ተወዳድሯል፤ ዋንጫ ባያገኝም አጥንቱ በየቦታው ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው የሚያወጣትን ሁሉ መጀመሪያ የሚቀመጥባት እሱ ሆነ።

ባለቤቱ ዛይራ በሩን የከፈተችልን የምግብ ሽርጧን እንዳደረገች ነው። ምድጃው ላይ የሥጋ መረቅ ተጥዷል። ማን ይበላው ብላ እንደጣደችው አላወቅሁም፤ እሷም ያወቀች አይመስለኝም።

“እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሄጄ ስመለስ አልነበረም። የቆዳ ልብሱም የለም። ሲመሽ የፋብሪካው ኢንጂነር ፍራንዞኒ ጋ ደወልኩ። ‘ወደ ሰርናያ ወጥቷል፤ ይመጣል፣ አይዞሽ’ አለኝ።”

“አመኑት?”

“ሰማሁት እንጂ አላመንኩትም። ኤርሜስ እሁድ ሰርናያ አይወጣም። ‘እሁድ እሁድ ዳገቱ የሀብታሞቹ የጥርስ ሐኪሞች ነው፤ ገዝተው የማይችሉት ሞተር ላይ ተቀምጠው ሊገድሉኝ’ ይል ነበር።” ልትስቅ ጀምራ ከመሃል ተወችው።

“ስለ አዲሷ ሞተር ሳይክል የሚነግርዎ ነገር ነበር?”

“ስለ ሌላ ነገር መች አውርቶ ያውቃል! ፋይና፣ ፋይና፣ ፋይና። ፋይና እንደምትባለው ዶሮ ሰራቂ አውሬ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ክፉ ናት ብሎ ስሟን ያወጣላት እሱ ነው። ወዷት ነበር። ግን...” መረቁን አማሰለችው። “መሪዋ ይርገበገባል ይል ነበር። በጣም ሲያፈጥን። ‘እነግራቸዋለሁ፣ አይሰሙኝም፤ አንተ አርጅተህ ነው እጅህ የሚንቀጠቀጠው ይሉኛል’ አለኝ። እውነት ያረጀ መስሎት አንድ ማታ እጆቹን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ነበር።”

ኢንስፔክተሯ “ይንቀጠቀጡ ነበር?” አለች።

“እንደ ድንጋይ ናቸው እንጂ።”

*

ኢንጂነር ቫስኮ ፍራንዞኒ ፋብሪካው በር ላይ ተቀበለን። ረጅም፣ ሽበታም፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው። እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም።

“አልጨብጣችሁም፣ ጉንፋን ይዞኛል” አለ። “ኤርሜስን ለሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። የልጄ ክርስትና አባት ነው።”

ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባን። መሃል ላይ ሁለተኛዋ ፋይና በመደገፊያ ላይ ቆማለች። እኔ ስለ ሞተር ሳይክል ደንታ የለኝም፤ ግን እውነት ለመናገር ቆም ብዬ አየኋት። የነዳጅ ሰልባትዮዋ እንደ ደረት ወደ ፊት ተገፍቷል፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ጅራቷ አጭር። ቆማ እያለች የምትዘል ትመስላለች።

ስለ ባልዳዚ ሲጠየቅ በአንድ ቃል የሚመልሰው ፍራንዞኒ ስለ ፋይና ሲጠየቅ ድምፁ ተለወጠ።

“ትልልቆቹ ሞተሮች ጉልበት አላቸው፣ ግን ይከብዳሉ። ትንንሾቹ ይቀላሉ፣ ግን ነፍስ የላቸውም። እኔ መካከለኛዋን ነው የፈለግሁት። መቶ የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ግን የልጅ። ጋዙን ስትነካት ከታች ጀምራ ትስብሃለች። የፊት እግሮቿን፣ የፊት ጎማውን የያዙትን ሁለቱን ዘንጎች፣ ቀጥ አድርጌ ተከልኳቸው፤ ለዚህ ነው መታጠፊያ ላይ ገና ስታስበው የምትታጠፈው። ሚላኖ ኤግዚቢሽን ላይ ስናቀርባት...” አለና ንግግሩን ገታ። “ፋብሪካው በእሷ ላይ ነው የቆመው። እሷ ካልተሸጠች እዚህ መብራት የሚያበራ አይኖርም።”

“የፊት እግሯ ቀጥ ማለቱ ጉዳት የለውም?” አለች ኦርኔላ።

“ምን ዓይነት ጉዳት?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። ቀጥታ መንገድ ላይ ስትበር መሪዋ አያስቸግርም?”

“ፋይና ምንም እንከን የለባትም” አለ ቶሎ። “ኤርሜስ ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፉን ወሰደ፤ እሁድ ወጣ፤ ቅጠሉ ላይ ተንሸራተተ። ይኸው ነው።”

“እርስዎ እሁድ የት ነበሩ?”

“ቤቴ። ብቻዬን።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እርግጥ ነው፣ አርብ ዕለት ከንድፍ ሠሪያችን ከሲልቬሪዮ ጋር በጣም ተጣልተው ነበር። ኤርሜስ ሲጮህበት ሰው ሁሉ ሰምቷል። እንዳትሳሳቱብኝ፣ ሰው ለመክሰስ አይደለም።”

“በጭራሽ” አለች ኦርኔላ።

*

ሲልቬሪዮ ጋንዶልፊ የፋይናን መልክ የሳላት ነው። የሞተር ሳይክል መጽሔቶች ፎቶውን የሚያወጡት፣ ሁልጊዜ ጥቁር የሚለብስ፣ ጺሙ በማበጠሪያ የተሰራ ጎልማሳ። እሁድ የት እንደነበረ ስንጠይቀው እርሳሱ ከእጁ ወደቀ።

“እሁድ? እሁድ በሞተር ሳይክሌ ፍሎረንስ ሄጄ ነበር። በተራራው መንገድ። ብዙ ጊዜ እሄዳለሁ፤ ጭንቅላቴን ያጸዳልኛል።”

“በጉም?”

“ለለመደ ሰው ምን አለው?”

“ጎበዝ ነዎት” አለች ኦርኔላ። “የትኛዋ ናት የእርስዎ?”

በመስኮቱ ግቢ ውስጥ የቆመች ቀይ ሞተር ሳይክል አሳየን። ወጣን። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ የኋላ ጎማውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። እኔም በአንድ ጠዋት ተምሬ ነበርና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጎማው አሮጌ ነው፤ መሃሉ አልቋል። ዳሩ ግን ከሱቅ እንደወጣ ያብረቀርቃል።

“ሲኞር ጋንዶልፊ፣ ፍሎረንስ ድረስ መንገዱ ተቃንቶልዎታል?”

ፊቱ ነጣ።

ይዘነው ሄድን። የምርመራ ክፍል ውስጥ አስቀመጥነው። እኔ በበኩሌ ሰውየው የተገኘ መስሎኝ ነበር፤ ጠብ አለው፣ ውሸት አለው፣ ጎማው ደግሞ እንደ ፋይና ጎማ ታጥፎ አያውቅም።

“እሱ ነው” አልኳት በኮሪደሩ። “ባልዳዚን ሌላ ቦታ ገድሎ ሬሳውንም ሞተሯንም በቫን አወጣቸው።”

“ምናልባት። ግን ፋይናን በዚያ ፍጥነት የጋለባት ማነው? የዚህን ሰውዬ ጎማ እኮ አየኸው፤ መሃሉ ቢያልቅም በሙቀት አልተቃጠለም። ይሄ ከብስክሌት በላይ አይፈጥንም።”

ተመልሳ ገባችና ወንበሯን አጠገቡ ሳበች።

“ልጄ” አለችው፤ ሲኞር ማለቱን ትታ። “ነፍሰ ገዳይ ብልህ ፊትህ ባልተለወጠ ነበር። ጎማህን ሳየው ነው ደምህ የሸሸው። ምን አፍረህ ነው?”

ሰውየው እንባው መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጺሙን አበጥሮ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

“እፈራለሁ” አለ። “ልጅ ሆኜ ወንድሜ ከኋላው አስቀምጦኝ ወድቀናል። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳይክል ማጋደም አልችልም። እስላለሁ፣ ሰው ሁሉ ‘እንዴት ያለ ደፋር መስመር’ ይለኛል፤ መታጠፊያ ስደርስ ግን እንደ አሮጊት እግሬን አወርዳለሁ። ይሄንን ያወቀው ኤርሜስ ብቻ ነው። ደግሞ አልሳቀብኝም። እሁድ እሁድ ሱፐርማርኬቱ ሲዘጋ መኪና ማቆሚያው ላይ ያስተምረኝ ነበር።”

“አርብ ለምን ጮኸብህ?”

“‘ለቫስኮ አብረን እንንገረው፣ መሪዋ ይንቀጠቀጣል፣ የፊት እግሯ መስተካከል አለበት፤ ሚላኖ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ’ አለኝ። እኔ እንቢ አልኩት። ቫስኮ ‘አንተ ተቀምጠህባታል ወይ?’ ቢለኝ ምን እላለሁ? ‘ፈሪ!’ ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነው።”

“እሁድስ?”

“መኪና ማቆሚያው ላይ ስጠብቀው ደወለ። ታርቆኝ ነበር። ‘ዛሬ ትምህርት የለም’ አለኝ፤ ‘ዛሬ ካንተ የባሰ ተማሪ አለብኝ’ ብሎ ሳቀ።”

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነሳች።

“ተማሪ” አለች። “እንግዲያው ጋላቢው ሌላ ሰው ነበር። ባልዳዚ ቆሞ ነው ያየው።”

*

በዚያው ከሰዓት በኋላ የሐኪሙ ቃል ደረሰን። ሬሳው ከገደል ተወርውሮ ቢሆን ኖሮ ሰውነቱ ሁሉ ይፈጭ ነበር። የባልዳዚ ግን የቀኝ ጎኑ ብቻ ነው የተመታው፤ አንድ ጠባብ፣ ጠንካራ ነገር የጎን አጥንቱን ሰብሮ ገብቷል። ጉበቱ ቀስ በቀስ ደምቷል።

“ቀስ በቀስ ማለት?” አለች ኦርኔላ በስልክ።

ሐኪሙ የነገራትን ለኔ አልደገመችልኝም። ስልኩን ዘጋችና ኮቷን አነሳች።

ሸምበቆና ግራጫ ጭቃ፣ ቀጥ ያለ መንገድ። በእኛ አገር ይሄ ሁሉ አንድ ላይ የሚገኘው ሜዳው ላይ፣ በቦዩ ዳር ነው። መንገዱ እንደ ተወጠረ ገመድ ነው። የፋብሪካው ሰዎች ትራፊክ ሳይኖር ፍጥነት የሚለኩት እዚያ እንደሆነ ወረዳው ሁሉ ያውቃል። ጉሙ ውስጥ መኪናውን በዝግታ ነዳሁት። እሷ መስኮቱን ከፍታ፣ አንገቷን አውጥታ፣ አስፋልቱን ታያለች።

“ቁም!”

ጥቁር የጎማ ምልክት ነበር። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ከዚያ እንደ እባብ ግራና ቀኝ መታጠፍ ይጀምራል፤ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ከመንገዱ ይወጣል። በወጣበት በኩል ሸምበቆው ተጨፍልቋል። ከሸምበቆው በፊት፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ሣሩን ረጋግጦታል። ሣሩ ላይ ዝናብ ያላጠበው ደም አለ።

ከቦዩ ማዶ ውሻ ይጮሃል።

“መሪው እንደዚህ ሲማታ ሰው እጁ ምን ይሆናል?” አልኳት።

“አባቴ ጋ የሚመጡ ተወዳዳሪዎች ነበሩ” አለች። “አውራ ጣታቸው እንደ ቲማቲም አብጦ ቁልፍ መቆለፍ የማይችሉ።”

*

በማግስቱ ፍራንዞኒን ወደ ፖሊስ ጋራዥ ጠራችው። ፋይና መሃል ላይ ቆማለች፤ አንድ መስታወቷ ተሰብሯል፣ ሰልባትዮዋ ተሰርጉዷል። ኢንጂነሩ ሲያያት እንደ ታመመ ልጅ አያት። አሁንም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

“አንድ ነገር እንዲያስረዱኝ ነው” አለችው ኦርኔላ በትሕትና። “ፍሬኗ በሁለት ጣት ይያዛል ይላሉ። እኔ ስሞክረው ይከብደኛል። ተበላሽቶ ይሆን? እስቲ ጨበጥ ያድርጉት።”

“ሊከብድ አይችልም።”

“እስቲ።”

“ሜካኒኮቻችሁ ይዩት።”

“ኢንጂነር፣ የሠሯት እርስዎ ነዎት።”

በዚህ ተያዘ። ቀኝ እጁን አወጣ። የቆዳ ጓንት አድርጓል። ጣቶቹን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ፤ አውራ ጣቱ ግን መሪውን ሊይዝ እምቢ አለ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ፣ ከዚያ እጁ በራሱ ወደቀ።

“ጓንቱን ላውልቅልዎት?” አለችው።

ራሱ በጥርሱ ስቦ አወለቀው። አውራ ጣቱ ከነመሠረቱ ጠቁሯል።

እኔ ወንበር አመጣሁለት። ተቀመጠ። ለመናገር ብዙ አላስለመነንም፤ የመናገሪያ ጊዜ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ነው የሚመስለው።

“‘አንተ ራስህ ጋልባት’ አለኝ። ‘ቦዩ ዳር ውሰዳት፣ እስከ መጨረሻው ክፈታት፣ ካልተንቀጠቀጠች ለሚላኖ እፈርማለሁ፤ ደግሞም አርጅቻለሁ ብዬ እወጣላችኋለሁ’ አለኝ። እሺ አልኩት። በቫን ጭነናት ሄድን። እሱ መንገዱ ዳር ቆመ። በፊት እኔም እጋልብ ነበር፣ ሞኝ አይደለሁም። የመጀመሪያውን ዙር ሄድኩ፤ እንደ ሐር ነበረች። ሁለተኛውን ደገምኩ፤ እንደዚያው። በሦስተኛው እስከ መጨረሻው ከፈትኳት። መሪው ከእጄ ወጣ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እጄን ቀጠቀጠኝ። ኤርሜስ ሊያድነኝ ይሁን ወይ ሊሸሽ፣ ሲንቀሳቀስ አየሁት። የመሪው ጫፍ ጎኑን አገኘው። እኔ ሸምበቆው ላይ ወደቅሁ፤ ጭቃው ለስላሳ ነበር።”

“እስከዚህ አደጋ ነው” አለች ኦርኔላ። “እስከዚህ ማንም አይፈርድብዎትም።”

“አውቃለሁ።”

“ሐኪሙ ሰውየው ብዙ ቆይቶ ነው የሞተው ይላል። ሆስፒታል ቢደርስ...”

“አውቃለሁ አልኩ እኮ!” ድምፁ ጋራዡን ሞላው፤ ከዚያ ተመልሶ ተሰበረ። “ቫኑ ውስጥ አስተኛሁት። እምላለሁ፣ ወደ ሆስፒታል ነበር የማመራው። እሷንም አነሳኋት፤ በዚህ እጄ እንዴት፣ ለምንስ እንዳነሳኋት አላውቅም፤ ጥያት መሄድ አልሆነልኝም። ትልቁ መንገድ ላይ መስቀለኛው ጋ ቀይ መብራት ያዘኝ። ወደ ግራ ሆስፒታል ነው። ወደ ቀኝ ሰርናያ። ያኔ ከኋላ ድምፁን ሰማሁት። የማይሰማኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ነቅቷል። ‘ቫስኮ’ አለኝ፤ ‘ተንቀጠቀጠች አይደል?’”

“ምን አሉት?” አለች ኦርኔላ።

“አልተንቀጠቀጠችም አልኩት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።” ፍራንዞኒ ያበጡ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አየ። “አንዴ እንደዚያ ካልኩት በኋላ እንዴት ወደ ግራ እታጠፋለሁ? ቢድን እኮ ውሸቴን ያውቃል። ወደ ቀኝ ዞርኩ። ዳገቱን ስንወጣ ሁለተኛ አልተናገረም። የራስ ቁሩን ሳጠልቅለት ግን ገና ሙቅ ነበር።”

ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊፈርም ብዕር ስሰጠው መያዝ አልቻለም። ብዕሩን ሁለቱ ጣቶቹ መሃል አስገብቼ፣ እጁን ደግፌ አስፈረምኩት።

*

ፋይና ሚላኖ ሳትሄድ ቀረች። ፋብሪካው ክረምቱን ታገለ፤ በጸደይ ተዘጋ። ሲልቬሪዮ ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ አሉ። ይሄ ሁሉ የሆነው ግን በኋላ ነው። በዚያን ቀን አመሻሽ እኔና ኢንስፔክተሯ የሄድነው ዛይራ ቤት ነበር።

መኪናው ውስጥ “ሁሉንም ይነግሯታል?” ብዬ ጠየቅኳት።

“አንተ ብትሆን?”

“እኔ ብሆን ወዲያው ሞተ እላት ነበር።”

“እሱንም እኮ ዋሽተውታል” አለችኝ። “አሁን ደግሞ ሚስቱን?”

ዛይራ ቆማ ሰማችን። ሽርጧን አውልቃ ጥቁር ለብሳለች፤ ቀብሩ ለማግስቱ ነበር። ኢንስፔክተሯ ቦዩን፣ ጉሙን፣ ቫኑን፣ መስቀለኛውን መንገድ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሴትዮዋ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ነበር። ስለ ሆስፒታሉ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ስለ ጥያቄው ስትሰማ ግን ከፈተችው።

“ተንቀጠቀጠች አይደል፣ አለ?”

“አዎ።”

“ኢንጂነሩም አልተንቀጠቀጠችም አለው።”

“አዎ፣ ሲኞራ።”

“ስለዚህ ‘የሚንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው’ ብሎ ሞተ።”

ዛይራ ወንበሩን ለቀቀችና ጓዳ ገብታ የባሏን ጥቁር ሙሉ ልብስ ይዛ ወጣች፤ አስከሬኑ የሚለብሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጅጌዎቹን በብሩሽ መጥረግ ጀመረች።

“ነገ ሳጥኑን ከመዝጋታቸው በፊት ይፈቅዱልኝ እንደሆን ጠይቁልኝ” አለች፣ ቀና ሳትል። “ለጥቂት ደቂቃ ብቻችንን ይተዉን። ልነግረው የሚገባ ነገር አለኝ።”